ፍላሹ 4,294,967,295 ላይ ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎ ከአረርቲ ነው። ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ፤ ሠርግና ክርስትናም እቀርጻለሁ። ለዳግማይ ትንሣኤ የቀረጽኩት ሠርግ ተቀናብሮ ሲያልቅ ከ5 ጊጋባይት ትንሽ በለጠ። የሙሽራው አባት ባለ 32 ጊጋ አዲስ ፍላሽ ገዝተው መጡ። ኮፒ ላደርግ ስል ፋይሉ ለዚህ ፍላሽ በጣም ትልቅ ነው የሚል ጽሑፍ ይመጣና ይቆማል። ፍላሹ ባዶ ነው! አባትየው ቫይረስ አስገባህበት ብለው ተቆጥተው ሄዱ። አንድ ጓደኛዬ እዚያ ውስጥ አንድ ፋይል ከ4,294,967,295 ባይት አይበልጥም አለኝ። 32 ጊጋ የሚይዝ ዕቃ 5 ጊጋ አልይዝም የሚለው ለምንድን ነው? ቁጥሩስ ድፍን አራት ቢሊዮን ያልሆነው ለምንድን ነው? እንዲህ ያለ ቁጥር ማን መረጠ?

መልስ፦ ልጄ፣ ፍላሹ ቫይረስ የለበትም፤ አንተም ያጠፋኸው ነገር የለም። መጀመሪያ ሥራህ የሚቃናበትን ልንገርህ፤ ቁጥሩን ከዚያ በእርጋታ እናየዋለን።

እስከ 32 ጊጋ የሚይዙ ፍላሾች አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት ፋት 32 በሚባለው ፎርማት ነው። በዚህ ፎርማት የእያንዳንዱ ፋይል ስምና መጠን ፍላሹ ውስጥ ባለ መዝገብ ላይ ይጻፋል። መጠኑ እንዲጻፍባት የተተወችው ቦታ ግን ጠባብ ናት፤ አራት ባይት፣ ማለትም 32 ቢት ብቻ። ፍላሹ ቪዲዮህን የሚያስቀምጥበት ቦታ አላጣም፤ የቪዲዮህን መጠን የሚጽፍበት ቦታ ነው ያጣው። ሁለት መቶ ኩንታል የሚይዝ ጎተራ አለህ እንበል፤ የመዝገቡ ዓምድ ግን ሁለት አኃዝ ብቻ ነው የሚያስጽፈው። ጎተራው ባዶውን ቢያድርም በአንድ ጊዜ ከ99 ኩንታል በላይ አስገባሁ ብለህ ማስመዝገብ አትችልም።

መፍትሔው ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ማድረግ ነው። እዚያ መጠኑ የሚጻፈው በ64 ቢት ስለሆነ የሠርግ ቪዲዮ ቀርቶ የአገሩ ሠርግ ሁሉ ቢጠራቀም አይጠበውም። ፎርማት ሲደረግ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድመህ ውስጡን እይ። ደግሞ አባትየውን ቪዲዮውን በምን እንደሚያዩት ጠይቃቸው። የቆየ ቴሌቪዥን ወይም ዴክ ከሆነ ኤክስፋትን ላያነብ ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ፎርማቱን ሳትነካ ቪዲዮውን ለሁለት ቁረጠው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ለብቻ፣ የድግሱን ለብቻ። ብዙ ካሜራዎች ረጅም ቀረጻ ሲሆንባቸው ራሳቸው ቆራርጠው የሚያስቀምጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ይህን ጥያቄ ስለላክህልኝ አመሰግንሃለሁ፤ ከዚህ ቁጥርና ከጎረቤቶቹ ጋር እኔ የቆየ ትውውቅ አለኝ።

ቁጥሩን ማንም አልመረጠውም። የገበያ ሚዛን አስብ። ባለ 1፣ ባለ 2፣ ባለ 4 እና ባለ 8 ኪሎ የሚዛን ድንጋዮች ቢኖሩህ ከ1 እስከ 15 ያለውን ማንኛውንም ኪሎ መመዘን ትችላለህ። 13 ቢሉህ 8ን፣ 4ንና 1ን ታስቀምጣለህ። 15 ቢሉህ አራቱንም። 16 ቢሉህ ግን አለቀ፤ አዲስ ድንጋይ ያስፈልግሃል። እያንዳንዱ ድንጋይ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ሚዛን ላይ መውጣት ወይም አለመውጣት። ቢት ማለት ይኸው ነው። ድንጋዮቹን እያጠፍክ 32 ብታደርሳቸው የመጨረሻው 2,147,483,648 ይሆናል፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲወጡ ደግሞ 4,294,967,295። ከዚያ በላይ አንዲት ባይት ብትመጣ 33ኛ ድንጋይ የለም። የቆመብህ እዚያ ላይ ነው።

ይህ ስንት እንደሆነ በእጅ ለመዳሰስ ያህል ደብዳቤህ በደረሰኝ ሰሞን ከልጅ ልጄ ጋር አንድ ነገር አደረግን። ያንተው አገር የምንጃር ነጭ ጤፍ ቤት ውስጥ ነበር። ጥቁር ወረቀት ዘርግተን በመርፌ ጫፍ አንድ ሺህ ፍሬ ቆጠርን፤ መቶ መቶ እያደረግን አሥር ክምር። ደብረ ብርሃን ላይ ማለዳ በር ከፍቶ ጤፍ መቁጠር አይሞከርም፤ ሁለት ጊዜ ነፋሱ በትኖብን እንደገና ጀመርን። ልጅቷ እስትንፋሷን ይዛ ነበር የምትቆጥረው። አሥሩን ክምር በወረቀት ጠቅልለን ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወሰድንና በወርቅ ሚዛን አስመዘንነው፤ 0.3 ግራም። አንድ ሺህ ፍሬ እንኳ አንድ ግራም አልሞላም! እንግዲህ 4,294,967,295 ፍሬ ጤፍ ወደ 1,288 ኪሎ ይመጣል፤ 13 ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አንድ አይሱዙ ሳይሞላ ይወስደዋል።

የቼዝ ሰሌዳ 64 ቤት አለው፤ የጥንት መኳንንቶቻችን ሰንጠረዥ ሲጫወቱበት የነበረውም እንዲሁ። በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት እያልክ ብታስቀምጥ፣ ግማሹ ሰሌዳ ሲሞላ ያለህ ጤፍ ልክ ይኸው 4,294,967,295 ፍሬ ነው። አንድ ገበሬ የሚያመርተው ነው፤ ምንም አያስፈራም። ሁለተኛውን ግማሽ ስትቀጥል ግን ድምሩ 18,446,744,073,709,551,615 ይደርሳል፤ ይህም ዛሬ በዓመት ከ50 ሚሊዮን ኩንታል በላይ የምታመርተው ኢትዮጵያ የአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ጤፍ ነው። ሠላሳ ሁለት ቤት ላይ 13 ኩንታል፣ ሌላ ሠላሳ ሁለት ቤት ሲጨመር የሺህ ዓመት የአገር ምርት። ተማሪዎቼን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጣቸው ይህ ነበር።

በጊዜ ልንገርህ ደግሞ። እዚህ ቅርባችን አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑ ዕለት አንድ ሰው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ መቁጠር ጀምሮ፣ ሌሊትም ሳይተኛ በየሰከንዱ አንድ ቢቆጥር፣ 4,294,967,295 ላይ የሚደርሰው በ2018 ዓ.ም. ነው። 136 ዓመት ይፈጅበታል።

የኔ ልብ ያለው ግን ቁጥሩ ውስጥ ነው። እርሳስ ያዝ።

4,294,967,295 ማለት 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት ነው። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ 1 ከተቀነሰለት ደግሞ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንድ የሚያንሰውና በአንድ የሚበልጠው ሲባዙ ማለት ነው። ስለዚህ 65,535 × 65,537። 65,535 ደግሞ 256 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት ነው፤ 255 × 257። 255ም እንደዚሁ 15 × 17። 15 ደግሞ 3 × 5። እንደ ሽንኩርት ተልጦ አለቀ፦

3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 = 4,294,967,295

እነዚህ አምስቱ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የለም። ፒየር ደ ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1640 እነዚህን አምስቱን አይቶ (እያንዳንዱ የሚገኘው ከፊተኛው 1 ተቀንሶ፣ የቀረው በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት ነው) የሚቀጥለውም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም፣ ሁሉም ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። ከእነሱ በኋላ ግን እስከ ዛሬ ስድስተኛ ብቸኛ ቁጥር አልተገኘም። ፍላሽህን ያቆመው ቁጥር በዓለም ላይ የሚታወቁት የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ ተባዝተው የሰጡት ቁጥር ነው።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። ካርል ጋውስ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1796፣ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ ባለ 17 ጎን ቅርጽ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በኋላ እንደታወቀው፣ የጎኖቹ ብዛት ጎዶሎ የሆነ እንዲህ ያለ ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ የሚሠራው ብዛቱ ከፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች አንዱ ሲሆን ወይም የተለያዩት ሲባዙ ብቻ ነው። 3 ይሠራል፣ 5 ይሠራል፣ 15 ይሠራል፤ 7 እና 9 ግን አይሠሩም። በሚታወቁት አምስቱ 31 ዓይነት ይገኛል፤ የመጨረሻው፣ የሁሉም ትልቁ፣ ባለ 4,294,967,295 ጎን ነው። ሣለው ቢሉህ ክብ ይመስልሃል።

ጎረቤቶቹን እንይ። በአንድ የሚያንሰው 4,294,967,294 ሁለት ጊዜ 2,147,483,647 ነው፤ ይህ ግማሹ ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ሌዎንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 አረጋግጧል። በአንድ የሚበልጠው 4,294,967,296 ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እየተባለ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ ነው፤ ከ2 በቀር ሌላ ብቸኛ አካፋይ የለውም። የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር ብዛትም ይኸው ነው፤ ለዓለም ሕዝብ አልበቃ ብሎ ያልተከፋፈለው ክምችት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 አልቋል። ከእርሱ ቀጥሎ 4,294,967,297 ይመጣል። ይህን ቁጥር የማልረሳበት ምክንያት አለኝ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ መንዝ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። የነበረኝ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር፤ መሀሉ ላይ ገጾች ጎድለዋል። የፌርማን አምስት ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ስድስተኛው 4,294,967,297 ነው፣ እርሱም ብቸኛ ቁጥር ነው ብዬ አስተማርኩ። መጽሐፉ የተቀደደው እዚያው ላይ ነበር፤ ፌርማ ያመነውን እኔም አምኜ ተቀበልኩ። አላካፈልኩትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ልጅ ከክፍል በኋላ ቀርቶ ደብተሩን ዘረጋልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት በእግሩ እየሄደ ከቤተሰቡ ቆሎና ድርቆሽ የሚያመጣ፣ ከተማ ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል የተከራየ ልጅ ነበር። ከ3 ጀምሮ በብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ ሲያካፍል ነበር። በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ11 እያለ፣ መቶን አልፎ፣ አምስት መቶን አልፎ። ከጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ የታተመበት ደብተር ነበር፤ ወረቀቱ እንዳያልቅበት ሁለት ሁለት ስሌት በአንድ መስመር እያደረገ ጠቅጥቆ ጽፎበታል። በ115ኛው ማካፈል ላይ 641 ደረሰ።

የመጨረሻውን ገጽ ዛሬም በዓይነ ሕሊናዬ አየዋለሁ። 4294 ለ641፣ ስድስት፤ ቀሪ 448። ዘጠኝን አውርድ፤ 4489 ለ641፣ ሰባት፤ ቀሪ 2። ስድስትን አውርድ፣ 26 ነው፤ ዜሮ። ሰባትን አውርድ፣ 267 ነው፤ ዜሮ። ሁለትን አውርድ፤ 2672፣ አራት፤ ቀሪ 108። ዘጠኝን አውርድ፤ 1089፣ አንድ፤ ቀሪ 448። እዚህ ላይ እርሳሱን ጫን አድርጎ ከ448 ሥር ሁለት ጊዜ አስምሯል፤ ከላይ ያየው 448 ተመልሶ መጥቷልና። ከላይ የወረደው ዘጠኝ ስለነበር 2 ተርፎ ነበር። አሁን የምትወርደው የመጨረሻዋ አኃዝ ሰባት ናት። 4487 ለ641፣ ሰባት። ቀሪ የለም።

641 × 6,700,417 = 4,294,967,297።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው አልኩና ጠመኔውን ለልጁ ሰጠሁት። ስሌቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሌዳ ላይ ሠራው።

ኦይለር ይህንኑ አካፋይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1732 ነበር። እርሱ ግን በ115 ማካፈል አልነበረም የሄደው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ 64 በሆነ ቁጥር ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት የሚገኝ መሆን እንዳለበት ደረሰበት። እንግዲህ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ከእነዚህ ብቸኞቹ 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ ተገኘ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ ኤዷር ሉካስ 64ቱን 128 አደረገው፤ ያኔ የሚፈተኑት 257 እና 641 ብቻ ይሆናሉ።

አሥር አኃዝ ያለውን ቁጥር ሳትነካም ማረጋገጥ ትችላለህ። 65,536ን ለ641 አካፍል፤ ቀሪው 154 ነው። 154 × 154 = 23,716። 641 × 37 ደግሞ 23,717። በአንድ ብቻ ነው ያነሰው! ስለዚህ 65,536 በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 4,294,967,296፣ በ641 ለመካፈል አንድ ይጎድለዋል። አንዱን ስትጨምርለት ይካፈላል።

6,700,417ስ ብቸኛ ነው? ነው። በራሱ ሲባዛ ከእርሱ የማይበልጠው ትልቁ ቁጥር 2,588 ነውና እስከዚያ ድረስ የሉካስን ዓይነት ብቸኛ ቁጥሮች መፈተን ይበቃል፤ አምስት ናቸው። ለ257 ስታካፍለው ቀሪው 170፣ ለ641 ቀሪው 44፣ ለ769 ቀሪው 120፣ ለ1,153 ቀሪው 334፣ ለ1,409 ቀሪው 622። አንዱም ዜሮ አልሆነም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የፌርማ ቁጥር 18,446,744,073,709,551,617 ነው፤ ከሙሉው የቼዝ ሰሌዳ ጤፍ በሁለት ፍሬ ይበልጣል። እርሱን የፈታው ፎርቱኔ ላንድሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1880፣ በ82 ዓመቱ፤ 274,177 × 67,280,421,310,721። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለዚህ ሽማግሌ ሳላስብ የማልፍበት ሳምንት የለም።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር አንድ መሪጌታ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «ቢሊዮን የሚደርስ ቁጥር በግእዝ አኃዝ አይጻፍም እያሉ ወጣቶች ይከራከሩኛል። ይጻፋል ብያለሁ። በምሳሌ ያሳዩልኝ።»

መልስ፦ መሪጌታ፣ እውነቱ ከእርስዎ ጋር ነው። ምሳሌውን ከአረርቲው ልጅ ቁጥር ልውሰድ። 4,294,967,295ን ከቀኝ ጀምረው ሁለት ሁለት አኃዝ እያደረጉ ይክፈሉት፤ 42፣ 94፣ 96፣ 72፣ 95። ከቀኝ የመጀመሪያው ጥንድ ምልክት አይጨመርበትም፤ ሁለተኛው ፻ን፣ ሦስተኛው ፼ን፣ አራተኛው እንደገና ፻ን፣ አምስተኛው እንደገና ፼ን ይይዛል። ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፭

ሁለተኛው ፼ ከበስተግራው ያለውን ሁሉ በእልፍ፣ ማለትም በ10,000፣ ያበዛዋል። ስለዚህ 429,496 እልፍ ከ7,295 ተብሎ ይነበባል። ዜሮ የሚባል ምልክት ሳይኖር በአሥራ አራት ምልክት ብቻ አለቀ። ልጁ ያካፈለውን 4,294,967,297 ከፈለጉ ደግሞ የመጨረሻዋን ፭ በ፯ ይለውጧት።